በክረምት ቡና ላይ የሚያልቅ ሻርፕ፦ የኪሮሽ አሠራር ከመጀመሪያው ቋጠሮ እስከ ዘርፉ

ሐምሌ ከገባ ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ እንግዳ ናት። ጠዋት ከጮቄ በኩል ጉሙ ይወርዳል፤ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲይዘው አጠገብ ከተቀመጠ ሰው ጋር እንኳ ጮክ ብሎ ማውራት ግድ ነው። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ ጋቢ ለብሰንም አንገትና ትከሻችንን ፈልጎ ያገኘናል። ለዚህ አንገት ነው ሻርፑ።

ክረምት ለእጅ ሥራ የተሰጠ ወቅት ነው ሲባል እሰማለሁ። ለከተማ ተማሪ እውነት ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ጭቃው ከቤት አያስወጣም። ገጠር ላደገች ሴት ግን ክረምት ዕረፍት ሆኖ አያውቅም። ሐምሌ ጤፍ ይዘራል፣ ነሐሴ አረም አለ፤ እናቴ ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ውላ፣ ማታ እግሯን ታጥባ እሳት ዳር ስትቀመጥ ነበር እንዝርቷን የምታነሣው። ለእሷም ለእኔም ለእጅ ሥራ የተረፈን ያቺው የማታ ቡና ሰዓት ናት። ስለዚህ ይህን ሻርፕ በዚያች ሰዓት ልክ ቆርጬዋለሁ፤ በአንድ ቡና ላይ አራት ረድፍ ብቻ።

ለምን እንዲህ አነስ እንዳደረግሁት ልንገራችሁ። ኪሮሽ በያዝሁበት በመጀመሪያው ክረምት የጀመርሁት የአልጋ ልብስ ነበር፤ በቀጭን ነጭ ክር፣ ሙሉ ዳንቴል። ጎረቤት ቤት አይቼ ልቤ ተነሣ። ሐምሌን ሙሉ ሠርቼ አንድ ክንድ እንኳ አልሞላም። ነሐሴ ላይ እጄ ሰለቸ፤ ጠቅልዬ በላስቲክ ከረጢት አሥሬ አልጋ ሥር ከተትሁት። በዓመቱ ሳወጣው ሻግቶ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል አድርጎበት ነበር፤ ባጥበውም አለቀቀም። ከክሩ ይልቅ የዚያ ሁሉ ማታ ድካም አንገበገበኝ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ክረምት አንድ ነገር፣ እሱም መጨረሻው ከመጀመሪያው ቀን የሚታይ ነገር ነው የምይዘው።

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ

ክር ከመግዛታችሁ በፊት የግድግዳ ካላንደር ፊት ቁሙ። ሐምሌና ነሐሴ አንድ ላይ 60 ቀን ናቸው። በእኛ ሰፈር በቅዳሜና እሑድ መርፌ የሚያነሣ የለም፤ ይህ ብቻ ወደ 17 ቀን ይወስዳል። ከዚያ በዓላቱ አሉ፦ ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሐምሌ 7 ሥላሴ፣ ሐምሌ 19 ገብርኤል፣ ነሐሴ 13 ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 16 ፍልሰታ፤ በየወሩ ደግሞ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። ከእነዚህ አንዳንዱ ቅዳሜና እሑድ ላይ ስለሚውል ሲጣራ 12 ቀን ያህል ይቀንሳል። የሚቀራችሁ 31 ቀን ገደማ ነው። የምታከብሩት ደብር ወይም ሃይማኖታችሁ ሌላ ከሆነ በራሳችሁ ልክ ቁጠሩ፤ ዋናው 60 ቀን አለኝ ብሎ አለመነሣት ነው።

ሻርፑ 112 ረድፍ አለው። በቀን አራት ከሆነ 28 ቀን ይፈጃል። ሦስቱ ቀን ትርፍ ለእንግዳ፣ ለሕመም፣ መብራት ለጠፋበት ማታ ነው። ጳጉሜን ለማጠቢያና ለዘርፉ ትቀመጥ።

ረድፉን ለመቁጠር እኔ 112 ፍሬ ሽምብራ በብርጭቆ አድርጌ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለሁ፤ አንድ ረድፍ ሲያልቅ አንዷን ወደ ሌላ ብርጭቆ አዛውራለሁ። ወረቀት ላይ መሰረዝም ይቻላል፤ ሽምብራው ግን ከሩቅ ይታያል፣ ቤተሰቡም «ዛሬ ስንት ቀረሽ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ቀን ካመለጣችሁ በማግስቱ ስምንት ረድፍ ልሥራ አትበሉ። አራቱን ሠርታችሁ ከትርፉ ቀን አንዱን ቀንሱ። ስምንቱን የሞከረች እጅ በሦስተኛው ቀን ኪሮሹን ማየት ትጠላለች።

የሚያስፈልገው ዕቃ

የሹራብ ክር፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ 250 ግራም። ጥቅሉ 50 ግራም ከሆነ አምስት ነው። አምስቱንም በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ግዙ፤ ቀለሙ አንድ ይመስላል እንጂ ሌላ ጊዜ የመጣው ክር ትንሽ ይለያል፣ ልዩነቱም ሻርፑ መሀል ላይ እንደ መስመር ይወጣል። ነጣ ያለ ቀለም ምረጡ፦ ዳማ፣ ክሬም፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ለጀማሪ፣ ያውም በማታ፣ ዓይን ማድከም ነው።

ክሩ የበግ ጠጉር ይሁን ሰው ሠራሽ ለማወቅ ጫፉን ቆርጣችሁ በክብሪት አቃጥሉት። ጠጉር ከሆነ እንደ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ጠጉሩ ይበልጥ ይሞቃል፤ ሰው ሠራሹ ይረክሳል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በክረምት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእንጅባራና ለማርቆስ ሰው ሁለቱም ይሆናል። ባሕር ዳር ላላችሁ ግን የጥጥ ክር ይበቃችኋል።

ኪሮሹ ቁጥር 5 ይሁን፤ ማለትም የአንገቱ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር የሆነው። ሱቅ ከጠፋ ከቀርከሃም ይሠራል፤ የእኔን ሁለተኛ ኪሮሽ ወንድሜ ነው ጠርቦ የሰጠኝ። እስኪለሰልስ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ መፈግፈግ አለበት፤ አንዲት ስንጥር ከቀረች በየቀለበቱ ክሩን ትይዛለች። ከዚህ ሌላ መቀስ፣ ዓይኗ ሰፊ የሆነ መርፌና ሁለት መርፌ ቁልፍ ያስፈልጋችኋል።

ልኩ

ወርዱ 18 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከስንዝር ትንሽ ጎደል ይላል። ርዝመቱ 150 ሴንቲ ሜትር፣ ሦስት ክንድ ያህል። በቁጥር ደግሞ ወርዱ 25 ቋሚ ነው። ቋሚ ምን እንደሆነ አሁን እደርስበታለሁ።

የሁሉ ሰው እጅ አንድ አይደለም፤ አንዱ ክሩን ያጠብቃል፣ አንዱ ያላላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ማታ ሻርፑን ሳይሆን ቁራጭ ሞክሩ፤ ወርዱ 14 ቋሚ፣ ቁመቱ 7 ወይም 8 ረድፍ። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እጃችሁ ከእኔ ጋር ተስማምቷል። 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ እያጠበቃችሁ ነው፤ ላላ አድርጉ ወይም ኪሮሹን ቁጥር 6 አድርጉት። 12 ከሆነ ወደ 4 ውረዱ። ቁራጩን ስትጨርሱ ፍቱት፣ ክሩ አይጎዳም።

አሠራሩ

ኪሮሹን በቀኝ እጅ እንደ እስክሪብቶ ያዙ። ክሩ በግራ እጅ ሌባ ጣት ላይ ይለፍ፤ ትንሿ ጣት ላይ አንድ ዙር ብትጠመጥሙት አይንሸራተትም። ግራኝ የሆናችሁ ሁሉንም በተቃራኒው አድርጉት፣ ሌላ ልዩነት የለውም።

የክሩን ጫፍ አንድ ጋት ያህል ተዉና ቀለበት ሥሩ። ከጥቅሉ የሚመጣውን ክር በቀለበቱ ውስጥ ስባችሁ ኪሮሹ ላይ አድርጉትና አጥብቁ። ቋጠሮው ኪሮሹ ላይ ወዲያ ወዲህ መንሸራተት አለበት፤ አንቆ ከያዘ ፍቱና ድገሙት።

ቀጥሎ ሰንሰለት። ክሩን ኪሮሹ ላይ አዙራችሁ በቀለበቱ ውስጥ ሳቡ፤ ይህ አንድ ሰንሰለት ነው። እንዲህ እያላችሁ 27 ሥሩ። ኪሮሹ ላይ ያለችው ቀለበት አትቆጠርም። የጀማሪ ሰንሰለት ይጠብቃል፣ በኋላ ኪሮሹ አልገባም ይላል፤ እንግዲህ ሆነ ብላችሁ አላልታችሁ ሥሩት።

አሁን ቋሚው። ይህን አንዱን ካወቃችሁ ሻርፑን አወቃችሁ፣ ሌላ የሚጨመር የለምና ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። ክሩን አንድ ጊዜ ኪሮሹ ላይ ጠምጥሙ። ከኪሮሹ ጀምራችሁ ሦስት ሰንሰለት ዝለሉና አራተኛው ውስጥ ኪሮሹን ክተቱ። ክር ይዛችሁ ወደ ፊት ሳቡ፤ አሁን ኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበት አለ። ክር ጠምጥሙና በሁለቱ ውስጥ ብቻ ሳቡ፤ ሁለት ይቀራል። እንደገና ጠምጥሙና በሁለቱም ውስጥ ሳቡ፤ አንድ ይቀራል። ይኸው አንድ ቋሚ ተሠራ። እኔ ስማር በአፌ «ጠምጥሚ፣ ክተቺ፣ ሳቢ፣ ሁለት፣ ሁለት» እያልሁ ነበር፤ በሳምንቱ አፌ ዝም አለ፣ እጄ ብቻውን ሄደ።

በቀሩት ሰንሰለቶች ውስጥ አንድ አንድ ቋሚ እየሠራችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። 24 ቋሚ ይሆናል። መጀመሪያ የዘለላችኋቸው ሦስት ሰንሰለቶች ደግሞ ቆመው እንደ አንድ ቋሚ ይቆጠራሉ። ድምሩ 25። አንድ ረድፍ አለቀ፤ አንዷን ሽምብራ አዛውሩ።

ለሁለተኛው ረድፍ ሥራውን አዙሩት። ሦስት ሰንሰለት ሥሩ፤ ይህ የአዲሱ ረድፍ የመጀመሪያ ቋሚ ነው። እግሩ ሥር ያለውን ቋሚ ዝለሉ፣ ከሁለተኛው ጀምራችሁ በየአንዳንዱ ቋሚ ራስ ላይ አንድ ቋሚ ሥሩ። ራሱ ላይ እንደ ጎንጉን የተኛ ሁለት ክር ታያላችሁ፤ ኪሮሹ ከሁለቱም ሥር ይግባ። የመጨረሻው ቋሚ የሚሠራው ባለፈው ረድፍ ሦስት ሰንሰለት አናት ላይ ነው። ከዚህ በኋላ እስከ 112ኛው ያው ነው።

ሻርፑ እየጠበበ ከሄደ

ይህ ጥፋት ያልደረሰበት ጀማሪ አላየሁም። ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ 30 ረድፍ ሠርታ «አክስቴ፣ ልክ ነው?» ብላ ዘረጋችልኝ፤ ግርጌው ስንዝር፣ ራሱ ጋት ሆኗል፣ ሦስት ማዕዘን። ፊቷ ላይ ያለውን ኩራት እያየሁ ፍቺው ማለት ከበደኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ከታች ወደ ላይ ቆጠርን፤ 25፣ 24፣ 24፣ 23 እያለ ነበር የወረደው። ጥፋቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የረድፉ መጨረሻ ላይ ያለው የሦስት ሰንሰለት አናት ቋሚ ስለማይመስል ይዘለላል። በየረድፉ አንድ እየጎደለ ወርዱ ይበላል።

መላው መርፌ ቁልፍ ነው። ሦስቱን ሰንሰለት እንደ ሠራችሁ በሦስተኛው ራስ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰኩበት። በሚቀጥለው ረድፍ መጨረሻ ስትደርሱ ኪሮሹ የሚገባው መርፌ ቁልፉ ባለበት ነው፤ እዚያ ሳትሠሩ አትዙሩ። በየማታው አራተኛው ረድፍ ሲያልቅም 25 መሆኑን ቁጠሩ። ጥፋት ካለ ከአራት ረድፍ በላይ አይፈታም ማለት ነው። ልጂቱ ያንን ፈትታ እንደገና ጀመረች፣ ለመስቀልም ለበሰችው።

እየሰፋ ከሄደ ደግሞ ምክንያቱ ተቃራኒው ነው፤ እግር ሥር ያለውን የመጀመሪያ ቋሚ ሳትዘሉ ሠርታችሁበታል።

ጥቅል ሲያልቅ

ረድፍ መሀል ላይ አትቀጥሉ። የቀረው ክር አንድ ሙሉ ረድፍ የማይጨርስ ከመሰላችሁ አዲስ ረድፍ አትጀምሩበት። የመጨረሻውን ቋሚ ስትሠሩ ሁለት ቀለበት ሲቀር የድሮውን ክር ልቀቁና አዲሱን ይዛችሁ ሳቡ። ከሁለቱም ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አስተርፉ። ቋጠሮ አትቋጥሩ፤ አንገት ላይ ይቆረቁራል።

ስለ እሳቱ፣ ስለ ብርሃኑና ስለ እርጥበቱ

እጅ ሥራ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሰዓቱን አያውቀውም። በክረምት ደግሞ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ የቡናው ከሰል መሀል ላይ ይፋማል። የፋመ ከሰል ጢስ የለውም፣ ሽታም የለውም፣ ግን መርዙ ሰው ይገድላል። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ «ቡና ናፍቆኝ ነው» አትበሉ፤ ውጡና አየር ውሰዱ። ብርዱ ቢጠላም መስኮቱ ገርበብ ይበል፤ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ከቤት ይውጣ። ይህን ከሻርፑ ሁሉ አስበልጬ ነው የምነግራችሁ።

መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ወይም ሻማ ዳር አትሥሩ፤ የሹራብ ክር ቶሎ ይያያዛል፣ ጥላሸቱም ነጩን ክር ያበላሻል። የስልክ መብራት ከግራ ትከሻ በላይ ከተደረገ የእጅ ጥላ ሥራው ላይ አያርፍም። ካልሆነም በትርፉ ቀን ተጠቀሙ።

ቆሎ እየቆረጠሙ መሥራት ደስ ይላል፣ ግን ኑግ ወይም ቅቤ የነካ ጣት ቅባቱን ክሩ ላይ ይተዋል። እጅ መታጠቢያው አጠገባችሁ ይሁን።

ሥራውን ስታነሡ በላስቲክ ከረጢት አትቋጥሩት። የአልጋ ልብሴን ያሻገተው እሱ ነው፤ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ሙዳይ፣ ትንሽ መሶብ ወይም የጨርቅ ከረጢት ይሻላል፤ ከመሬትና ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ። እርጥብ ኩበት በሚነድበት ቤት ደግሞ በጨርቅ ሸፍኑት፤ ጢሱ አንዴ ጠጉር ውስጥ ከገባ ሁለት ጊዜ ታጥቦም አይለቅም።

ማጠናቀቂያ

112ኛው ረድፍ ሲያልቅ ክሩን ጋት ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡ፣ በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ አሳልፋችሁ ሳቡት። የተንጠለጠሉትን ጫፎች አንድ በአንድ በሰፊ ዓይን መርፌ በቋሚዎቹ ሆድ ውስጥ አስገቡ፤ አምስት ቋሚ ያህል ወደ አንድ ወገን፣ ሦስት ያህል ወደ ኋላ መልሱና ትርፉን ቁረጡ። መልሳችሁ ካላስገባችሁት በመጀመሪያው እጥበት ይወጣል።

ለብ ባለ ውኃ ሳሙና በደንብ ሟሙቶ ሻርፑን ዝፈቁት፤ ተጫኑት እንጂ አትሹት። የበግ ጠጉር ከሆነ ሙቅ ውኃ ፈጽሞ አያስፈልግም፣ ይኮማተርና እንደ ባርኔጣ ይደድራል። አትጭመቁት፤ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከፎጣው ጋር ጠቅልሉና በእግር ጫን ጫን አድርጉት። ገመድ ላይ ከሰቀላችሁት በራሱ ክብደት ይረዝምና ይቀጥናል። እኔ ሁለት ሰፌድ አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ፣ ንጹሕ ነጠላ አንጥፌባቸው፣ ሻርፑን በልኩ አስተካክዬ አሰጣዋለሁ። አየር ከታችም ከላይም ስለሚያገኝ ፀሐይ ባይኖርም ይደርቃል፤ ጳጉሜን 1 ካሰጣችሁት እስከ ጳጉሜን 3 ወይም 4 ነው። ለማፋጠን ምድጃ ዳር አታቅርቡት፤ ሰው ሠራሹ ክር ከሙቀቱ ብቻ ይቀልጣል።

ዘርፉ የሚገባው ከደረቀ በኋላ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ካርቶን ላይ የተረፈውን ክር ጠምጥሙና በአንድ ጎን በመቀስ ቁረጡት፤ እኩል እኩል የሆኑ 30 ሴንቲ ሜትር ክሮች ይወጡላችኋል። ለአንዱ ጫፍ 39፣ ለሁለቱ 78 ያስፈልጋል። ሦስት ሦስቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ እጠፉ፣ ኪሮሹን ከሻርፑ ጀርባ ወደ ፊት አሳልፋችሁ እጥፋቱን ሳቡ፣ ጫፎቹን በእጥፋቱ ውስጥ አሳልፉና አጥብቁ። ከመጀመሪያው ቋሚ ጀምራችሁ አንድ እየዘለላችሁ ብትሄዱ 13 ዘርፍ ይሆናል፤ የመጨረሻዋም ልክ 25ኛው ቋሚ ላይ ታርፋለች። ዘርፉን በጣት አበጥሩና ገበታ ላይ ዘርግታችሁ የረዘመውን ብቻ በመቀስ አስተካክሉ።